ትልቁና ትንሹ ዛጎል

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ ባለቤቴ ይሠራበት በነበረው ሕንፃ ደጃፍ ባልቆምኩ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቻለሁ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠግቼ ሳለ የቅሪተ አካል ክምችቱ ኃላፊ ከውስጥ ብቅ አሉ። የባለቤቴ የቅርብ ወዳጅ ናቸው። መሳቢያ ሳይቆልፉ ውሃ ለመጠጣት እንኳ ስለማይነሡ፣ ሠራተኛው ሁሉ በሌሉበት «አባ ቆልፍ» ይላቸዋል።

«እህቴ! እንደ እንግዳ ደጅ ትቆሚያለሽ? ግቢ እንጂ!» አሉኝ። «ደግሞም በሰዓቱ ደረስሽ። ላይ ቤት አንዲት ልጅ የባልሽን ስም ላጥፋ ብላ ተነሥታለች።»

ተከትያቸው ደረጃውን ወጣሁ። ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ማይክሮስኮፕና እስከ ጣሪያ የተደረደሩ መሳቢያዎች አሉት። አንዲት ወጣት ተመራማሪ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጣቶቿ በግራጫ ጭቃ ተለውሰው እርጥብ መስታወት ላይ ድንጋይ ትፈጫለች።

«ይቺ የሟቹ ባለቤት ናት» አሏት። «በይ፣ የነገርሽኝን ለእሷ ንገሪያት!»

ልጅቷ ደንግጣ ብድግ አለች። ግን ወደ ኋላ አላለችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ለጋሼ ያልኩትን ለእርስዎም እደግመዋለሁ።»

ሁለት ዛጎሎች መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። አንዱ ሳንቲም፣ ሌላው ምስር ያክላል።

«እነዚህ ሰውነታቸው አንዲት ሕዋስ ብቻ የነበረ የጥንት የባሕር ፍጡራን ቤቶች ናቸው። ዘራቸው ጠፍቶ ዛጎላቸው ድንጋይ ሆነ። ትልቁን አንድ የቀድሞ ሊቅ ስም አወጡለት። ትንሹን ደግሞ ባለቤትዎ ‹ሌላ ዝርያ ነው› ብለው ሰየሙት። እኔ ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው እላለሁ። አንድ ከሆኑ ደግሞ በሙያችን ሕግ የሚጸናው የቀደመው ስም ነው።»

«የኋለኛውስ?» አልኳት።

«ይሰረዛል።»

«ሳንቲምና ምስር አንድ ናቸው ትላለች!» አሉ ኃላፊው። «ነገ ደግሞ ድመትና ነብር አንድ ናቸው ትለናለች።»

«ድመትና ነብር አይወላለዱም፣ ጋሼ።»

«አንቺ ልጅ! ዓይኔ እስኪፈዝ ዛጎል ስለይ ነው የኖርኩት። የሚለየው በመልኩ፣ በስፋቱ፣ በጠርዙ ነው። መምህሮቼም እንዲሁ ነው ያስተማሩኝ።»

«ሰውንስ በኮቱ ስፋት ይለዩታል? የዚህን ውስጡን ማየት አለብን። ትልቁን ራሴ ከለቀምኳቸው ፈጭቼ አይቻለሁ። ይህ ትንሹ ግን የተሰነጠቀ ነው፤ ያልተሰበረው ያለው በእርስዎ መሳቢያ ነው።»

«በዚህ ቤት ዛጎል አይፈጭም!»

የቤቱ ልማድ ይኸው ነበር። ዛጎል አቧራው ይራገፋል፣ ይለካል፣ በጥጥ ላይ ተኝቶ ይቆለፍበታል። መፍጨቱ የለቀመውን ሰው መድፈር ይመስላቸዋል። ቆልፎ ማስቀመጥ ከማክበር ጋር እንዴት በቀላሉ እንደሚምታታ እኔም አላጣሁትም።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» አሉ ኃላፊው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ እህቴ። ልጅ አልቀረለት፤ የቀረችው ያቺ ስም ናት።»

ያሉትን ሲያስተውሉት ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ። እኔ ሁለቱን ዛጎሎች ጠረጴዛው ላይ አኖርኳቸው።

«ጋሼ፣ መሳቢያውን ይክፈቱልን።»

«ለምን?»

«እንዲፈጭ።»

«አንቺም ከእሷ ጋር ሆንሽ?»

«ከማንም ጋር አልሆንኩም። ባለቤቴ የስሕተት ዘበኛ ሆኖ እንዲቆም ግን አልፈቅድም። ክብር ማለት ያ ከሆነ እኔ አልፈልገውም። ይክፈቱ!»

ከፈቱ። ልጅቷ ትንሹን ዛጎል በውሃና በሻካራ ዱቄት እስከ እኩሌታው ፈጨችውና ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችው። ጎንበስ አልኩ። ዙሪያውን እንደ ተጠቀለለ ገመድ የሚዞሩ ጥቃቅን ክፍሎች፣ መካከል ላይ አንድ ሰፊ ክብ ክፍል አየሁ። ቀጥሎ ትልቁን አሳየችኝ። አዟዟሩም ግድግዳውም ያው ነው፤ የመካከሉ ክፍል ግን ፈልጌ ለማግኘት እስኪያስቸግረኝ ድረስ ደቃቅ ነው።

ኃላፊውም አዩና ቀና አሉ። «ይኸው! መካከሉ ተለያየ። ሁለት ናቸው አላልኩም?»

«ሁለት ትውልድ ናቸው፣ ጋሼ» አለች። «ዛሬ በባሕር የሚኖሩ ዘመዶቻቸው እንደዚሁ ናቸው። ወላጁ ሰውነቱን ለልጆቹ ሲያከፋፍል ልጁ ሰፊ ክፍል ይዞ ይጀምራል፤ ቶሎም ይደርስና በትንሽነቱ ይቀራል። ከሁለት ወላጆች ደቃቅ ዘር የሚገኘው ግን ከኢምንት ተነሥቶ እየጨመረ ይገዝፋል። ትልቁ ትንሹን ያስገኛል፣ ትንሹም ትልቁን።»

«የልጅ ልጅ ወደ አያቱ ሄደ በይኛ» አሉ፤ ቁጣቸው ረገብ ብሎ ነበር።

«እንደዚያ ነው። የውሃ ጉድጓድ እየቆፈሩ ያገኙትን ዛጎል ለእኛ የሚያሳዩትንም ሰዎች ያስቡ። ጉድጓዱ ጠባብ ነውና ከአንዱ ትልቁ ብቻ፣ ከሌላው ትንሹ ብቻ ተሰባብሮ ወጣ። እኛ ‹ዘመኑ የተለያየ የድንጋይ ንጣፍ ነው› አልናቸው። ውሃው ትልቁ ባለበት ንጣፍ ነው ስላልናቸው ትንሹ ሲወጣ አልፈው ይቆፍራሉ፤ አንድ ንጣፍ ከሆነ ግን ውሃውን እያለፉት ነው።»

ኃላፊው እንደገና አጎነበሱ። አንዱን አይተው ወደ ሌላው፣ ከሌላውም ወደ መጀመሪያው ተመላለሱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«አንድ ናቸው» አሉ። «ወዳጄን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ስሙን ላስተማርናቸው ተማሪዎች ምን እንበል?»

«ተሳሳተ በሏቸው» አልኩ። «ስሙን ደብቃችሁ ሳይሆን ጠርታችሁ። ቅርፊቱን ብቻ አይቶ እንደ ፈረደ፣ ውስጡን ያየች ልጅ እንዳረመችው ንገሯቸው።»

ይህን ታሪክ የጻፍኩት ስለ ዛጎል ለሚያውቁ ብቻ አይደለም። ስሕተትን ለሟች ብለን ብንጠብቅ ሟች የሚያገኘው ነገር የለም፤ ሕያው ግን ይጎዳል። ተማሪው ለአንድ ፍጡር ሁለት ስም ይሸመድዳል፣ ቆፋሪው ውሃውን ያልፈዋል፣ ሽማግሌውም ያለ ዕዳው ዘበኛ ሆኖ ያረጃል። ስሕተቱ ሲታረም ግን ሦስቱም ይገላገላሉ።

ልሰናበት ስል ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀችኝ፦ «እትዬ፣ እሳቸው ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር?»

«ይቆጣሽ ነበር» አልኳት። «ቁጣው ሲበርድለት ደግሞ ‹በአንድ ዛጎል አይፈረድም፣ ሌላ ፍጪ› ይልሽ ነበር።»

አዛውንቱ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ሁለተኛውን የምፈጨው እኔ ነኝ» አሏት። «ተነሺ፣ ቦታውን ልቀቂልኝ።»