አርባ ኩንታል ላይ የቆሙት አቶ ሀብተ ማርያም

ለቅሶ የደረሳችሁ ወገኖች፣ እኔ የሚስታቸው ወንድም አሳምነው ነኝ። አቶ ሀብተ ማርያም በጣር ላይ ሆነው የእናታቸው ርግማን ሳይነሣላቸው እንዳይቀበሩ ቃል ስላስገቡኝ፣ ልተወው የምወደውን ነገር ሁሉ ጨምሬ የሕይወት ታሪካቸውን አነብላችኋለሁ።

አቶ ሀብተ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ወልደጻድቅ ጎበናና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች ተክሌ በ1938 ዓ.ም. ሳጉሬ አጠገብ ተወለዱ። አሰላ ተምረው የእህል ምርት አኃዝ በሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ በ1964 ዓ.ም. እኅቴን ወይዘሮ የሺሃረግን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። እውነቱን ለመናገር ፈሪ ሰው ነበሩ፤ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ ስቄባቸዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

በ1977 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታቸው ኮምፒዩተር ሲመጣለት፣ አውድማ ለአውድማ ዞረው ገበሬውን ከጠየቁ በኋላ፣ በሄክታር ከሦስት ኩንታል በታች ወይም ከአርባ በላይ የሆነ የስንዴ ምርት ሲገባለት ማሽኑ አልቀበልም እንዲል ፕሮግራም ጻፉለት። በዓመቱ ግን ሹመት ያማራቸው ካድሬዎች ሰባ ኩንታል ተመረተ ብለው ሪፖርት አመጡ፤ ማሽኑም መለሰባቸው። አለቃቸው ወሰኑን መቶ እንዲያደርጉት ሲያዝዟቸው አደረጉት። ወዲያው ለመንግሥት የሚገባው የእህል ኮታ በዚያ አኃዝ ተደልድሎ መጣና ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር አስረከበ፤ የእናታቸውም ጎተራ ተጠረገ። ወይዘሮ በቀለች ያን ቁጥር ያሳለፈውን ሰው አፈር አይቀበልህ እያሉ ሲረግሙ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

አምና በ1979 ዓ.ም. ያው ሰባ ኩንታል ተመልሶ ሲመጣ፣ አቶ ሀብተ ማርያም ለማንም ሳይናገሩ ወሰኑን ወደ አርባ መለሱት፤ ማሽኑም ሪፖርቱን በሙሉ ተፋው። ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚሄዱት ለእስር ቤት የሚሆን ጋቢ ይዘው ነበር። አሥራ አንድ ቀን ይዘውት ተመለሱ፤ በአሥራ ሁለተኛው አልተመለሱም። ከአራት ወር በኋላ ደጃፋቸው ላይ ተጥለው ተገኙና በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

በድንገተኛ ሕመም ሞቱ በል ተብያለሁ። ገላቸውን አጥቤ የገነዝኳቸው ግን እኔ ነኝ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን አፀደንና ብርቄን፣ ያን ቁጥር ያሳለፈው ማን እንደሆነ ገና አሁን የሰሙትን እናታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፍርሃት በሌለበት ያሳርፍልን።

እማማ በቀለች፣ ልጅዎ ናቸው። አፈሩን ሳንመልስባቸው ምሕረቱን ከአፍዎ እንስማ።