ድንኳን ስናጥፍ ስለ ሁለት ደሴቶች

(ደሴ ከተማ፣ ለቅሶ የነበረበት ግቢ። የዕድሩ ዕቃ ያዥ ወይዘሮ ብርቄና ሆቴል አስተዳደር የተማረው ልጃቸው ኪሩቤል የዕድሩን ድንኳን ያጥፋሉ።)

ብርቄ፦ ጫፉን ያዝ! ወሬህ ድንኳን አያጥፍልኝም።

ኪሩቤል፦ ይዣለሁ እማዬ። አንቺ ብቻ እሺ በይ።

ብርቄ፦ አልልም። መርቄሃለሁ፣ ሂድ። እኔን ምን አድርጊ ብለህ ነው የምትጎትተኝ?

ኪሩቤል፦ ብቻሽን ትቼሽ አልሄድም። ሥራ የሰጡኝ ሁለቱም ሆቴሎች እናትህን ይዘህ ና ብለዋል፤ መልስ የሚፈልጉት ሰኞ ነው። ሲሼልስ ወይስ ሞሪሺየስ?

ብርቄ፦ ሁለቱም ባሕር መሃል አይደሉ? ውሃው የሞላ ቀን ወዴት ይሸሻል?

ኪሩቤል፦ ተራራ አላቸው።

ብርቄ፦ ለተራራማ የኛው ጦሳ ተራራ ምን አነሰው?

ኪሩቤል፦ በደንብ ላወዳድርልሽ። ሞሪሺየስ ሽማግሌና አሮጊት አውቶቡስ የሚሳፈረው በነጻ ነው። ያው ለአገሬው ነው፤ ለእንግዳ ይሁን አይሁን አላጣራሁም።

ብርቄ፦ በነጻ ተሳፍሬስ ማን ቤት ልሄድ?

ኪሩቤል፦ እሺ፣ ሲሼልስ። ዐውሎ ነፋስ ብዙም አያገኛትም፤ ኑሮው ግን እሳት ነው። ሞሪሺየስ ኑሮው ረከስ ይላል፤ ነፋሱ ሲመጣ ግን...

ብርቄ፦ ወይ አንተ! አንዱን እንኳ አሟልተህ አታሞግስም? እንዲህ ስትመዝን አይደል ሚስት ያመለጠችህ?

ኪሩቤል፦ ላታልልሽ አልፈልግማ።

ብርቄ፦ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ይልቅ የምጠይቅህን መልስ፤ እዚያ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው ማነው?

ኪሩቤል፦ የሚያከራይ ድርጅት አይጠፋም።

ብርቄ፦ የሚያከራይ! ንፍሮውንስ? «ካልቀመስሽ አንነሣም» ብሎ ሐዘንተኛዋን የሚጨቀጭቃትስ? አባትህ ያረፈ ጊዜ ይኸው ድንኳን ነው ደጃችን የቆመው። አንድም ሌሊት ብቻዬን አላሳደሩኝም። ይኼ ከሁለቱ በየትኛው አለ?

ኪሩቤል፦ በሁለቱም የለም።

ብርቄ፦ እሰይ፣ ዛሬ ገና ሳትመዝን መለስክ።

ኪሩቤል፦ እንግዲያው ለሁለቱም አልመጣም ብዬ እጽፋለሁ። በቃ፣ ተይው።

ብርቄ፦ ...አጣመምከው እኮ! ዘርጋና እንደገና እጠፍ።

ኪሩቤል፦ እሺ።

ብርቄ፦ ለመሆኑ ሕዝባቸው ስንት ነው?

ኪሩቤል፦ ሞሪሺየስ ከሚሊዮን በላይ ነው። ሲሼልስ መቶ ሺህን ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ብርቄ፦ መቶ ሺህ? ከደሴም ያንሳል?

ኪሩቤል፦ በጣም እንጂ።

ብርቄ፦ ይሞታሉ?

ኪሩቤል፦ እማዬ! መቶ ዓመት አልፎት የሚኖረው ኤሊያቸው ነው። ሰዉ እንደኛው ነው።

ብርቄ፦ ጎረቤትስ ከጎረቤት ይተዋወቃል?

ኪሩቤል፦ በዚያ ጥበት አለመተዋወቁ ይከብዳል። ምነው ጠየቅሽ?

ብርቄ፦ ሂድ የዕድሩን ዳኛ ጥራልኝ።

ኪሩቤል፦ ምን ሊያደርግልሽ?

ብርቄ፦ ያ የተጣጣፈው አሮጌ ድንኳን መጋዘን ውስጥ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፤ ለመቶ ሺህ ሰው ዕድር ለመጀመሪያ ይበቃል። አንተ አውሮፕላኑ ይጭነው እንደሆነ ጠይቅ።