ለሠርግ ቪዲዮ የሚሆን ሊኑክስ

በሰው ሀገር፣ ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ወደ ካላክላ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የሀገሬ ልጆች ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው ሠርግ በቪዲዮ የሚቀርጽ ነው።

«የዘሃራን የሠርግ ቪዲዮ ጨረስክላት?»

«ወላሂ አልጀመርኩትም። ኮምፒውተሬ ላይ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ብቻ የተሠራ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ሊኑክስ፣ እየጫንኩ ነው።»

«የበፊቱስ?»

«እሱም ሊኑክስ ነው፤ ግን ለማንኛውም ሥራ የሚሆን ነው።»

«አንተ ጅል፣ የኤዲቲንጉ ፕሮግራም እኮ እሱም ላይ ይሠራል!»

«ይሠራል። ሞክሬዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ይሄ የምጭነው አራተኛው ሊኑክስ ነው። ስጭን ባለሙያ እመስላለሁ። ቪዲዮውን ስከፍተው ግን ያነሳሁት የሰው ጀርባ ብቻ ነው።»

«እናቷ ወሎ ሆነው ይጠብቃሉ። እሷ ራሷ ልትወልድ ነው!»

«ኢንሻአላህ የልጁን የስም ማውጫ ድግስ፣ አቂቃውን፣ ቀርጬ ጨምሬ አንድ ላይ እሰጣታለሁ።»

አረብኛ ለመማር ጥሩ ደብተር ስመርጥ ዓመት የሞላኝ እኔ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።