አራቱ ጣሊያናውያን በአራት ጥግ

እዚህ ስዊዘርላንድ፣ ክሎተን ኤርፖርት፣ የክብር እንግዶች ማረፊያ ውስጥ ነው የማስተናግደው። አንድ ቀን ዘመናዊ ዘፈን በኦፔራ ድምፅ በቡድን የሚዘፍኑ አራት ታዋቂ ጣሊያናውያን ገቡና አራት ጥግ ይዘው ተቀመጡ። እኛ ቪንተርቱር ከተማ ያለነው የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ደግሞ ያን ሰሞን ሶሎውን፣ ለብቻ የሚዘመረውን፣ ማን ይዘምር ብለን ተጣልተን ልንበተን ደርሰናል። እናም ሸምገል ያለውን ጠጋ ብዬ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ሳትለያዩ እንዴት ዘለቃችሁ?» አልኩት። «በአራት መኪና፣ በአራት ሆቴል። የምንገናኘው መድረክ ላይ ብቻ ነው» አለኝ። ወዲያው አንዲት አድናቂ ስልኳን ደግና መጣች። አራቱም ብድግ ብለው ተቃቀፉ፤ እንዲያውም አንዱ የሌላውን ጉንጭ ሳመ። ሴትዮዋ ስትሄድ ወደየጥጋቸው ተመለሱ። እኔም ቡናቸውን በትሪዬ ይዤ አራቱንም ጥግ ዞርኩ።

እሑድ ለመሪያችን ለጋሽ ታደሰ ይህንኑ አጫውቻቸው፣ «እኛም መድረክ ላይ ብቻ ብንገናኝስ?» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና፣ «አይ ልጄ፣ እኛ የምንጣላው እዚያው መድረኩ ላይ አይደል እንዴ!» አሉኝ።