እስከ ብላቴ ድልድይ ሸኚዬ
በጃንሆይ ጊዜ ነው። ላንድሮቨሬን ይዤ ብቻዬን ከሆሳዕና ተነሳሁና ትንንሾቹን ከተሞች እያቆራረጥኩ ወደ ብላቴ ወንዝ ስወርድ፣ አዲሎ ላይ ራዲያተሩ ፈላ። ከመንገድ ዳር ቤታቸው ውሃ ያመጡልኝ ሽማግሌ ወደ መኪናው ውስጥ አጎንብሰው አዩና «አብሮህ ሰው የለም?» አሉኝ። የለም ስላቸው ዱላቸውን ይዘው አጠገቤ ገብተው ቁጭ አሉ። ጉዳይ ያላቸው መስሎኝ እያወጋን ሄድን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ «በቃ፣ እዚህ አውርደኝ» አሉ።

«አባቴ፣ እዚህ ምን ጉዳይ አለዎት?»

«ምንም። አንተን ልሸኝ ነው እንጂ።»

ወርደው ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መመለስ ጀመሩ። እንዴት አስችሎኝ ልሂድ? መኪናዬን አዙሬ ጫንኳቸውና ደጃፋቸው አደረስኳቸው። እሳቸው ግን አልወርድም አሉ። «አሁንም ብቻህን ልትሄድ ነው?» ሳቄ መጣ፤ ደግሞም አበሳጩኝ።

«አባቴ፣ እንዲህ ስንሸኛኝ እኮ ሊመሽብን ነው።»

ይህን ጊዜ ባለቤታቸው በራፉ ላይ ብቅ አሉ። «ልጄ፣ እሱን አትከራከረው። እናንተ ገና ስትሄዱ ነው የእግርህን ውሃ የጣድኩት» አሉኝ።

ሞተሩን አጠፋሁ።