ሱሪያቸው ገመድ ላይ ነው

ጅቡቲ፣ አርሂባ ሰፈር፣ የከባድ መኪና ሾፌሮችን ልብስ በእጄ እያጠብኩ ነበር የምኖረው። ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቁ ይመጡና፣ ቅያሪ ስለማይዙ፣ ሽርጥ አገልድመው ልብሳቸው እስኪደርቅ ግቢዬ ይቀመጣሉ። እኔም ለራሴ ከሠራሁት ሽሮ እንዲያው አቀምሳቸዋለሁ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ተማም የልብስ ማጠቢያ ማሽን አስገባ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ተስፋ ቆርጬ የልብስ ማስጫውን ገመድ ስፈታ ደንበኛዬ ታደሰ ደረሰ። "ተማም ጋ ሂድ፣ እሱ ቶሎ ያደርስልሃል" አልኩት።

"ማን ቶሎ ይድረስልኝ አለሽ ዛህራ? እኔ የምመጣው ለሽሮው ነው፤ ልብሱ ሰበብ ነው" አለኝ።

ክው አልኩ። ለካ እኔ የምሸጠው ሌላ፣ ሰው የሚፈልገው ሌላ ኖሯል።

በማግስቱ በሬ ላይ "ምሳ ለበላ እጥበት በነጻ" ብዬ ለጠፍኩ። ግቢው ሽርጥ ባገለደመ ሰው ሞላ። ሱሪያቸው ገመድ ላይ ነው፣ የት ይሄዳሉ? ደግመው ያዛሉ። ትናንት ተማም ራሱ አንድ ሸሚዝ ይዞ ብቅ አለ።

"ምነው፣ ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?" አልኩት።

"ኧረ ደህና ነው" አለኝ ሸሚዙን እያቀበለኝ፤ "ርቦኝ ነው።"