ሁለት ጊዜ የተመነዘረ ደመወዝ

ከሠላሳ ዓመት መምህርነት የተረፈኝ ነገር ቢኖር በሰው ጉዳይ ጥልቅ ማለት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ፖስታ ቤት ገብቼ ከጡረተኛው ሻለቃ ጋር ተገጣጠምን። የሠፈሩ ሰው «ቆጥረህ ተቀበል» ይላቸዋል፤ የጦሩ ደመወዝ ከፋይ በነበሩ ጊዜ ለእያንዳንዱ ወታደር የሚሉት ይህንኑ ነበር። አጠገባቸው የጎረቤታቸው ልጅ ተራ ትጠብቃለች። እሷም ዛሬ የምትሠራው በዚያው ደመወዝ ክፍል ነው።

በእጃቸው ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ ይዘዋል።

«ባሕር ማዶ ለዘመተው ወታደር ልጅዎ ነው?» አልኳቸው።

«ከዛሬ ወዲያ ልጄ አይደለም፤ የጻፍኩለትም ይህንኑ ነው። አምና ለሚስቱ በየወሩ አምስት መቶ አርባ ይልክ ነበር፤ አሁን አራት መቶ አርባ! የቤት ኪራይ አቅቷት ሁለት ልጆች ይዛ እኔ ጋ ልትገባ ነው። ደመወዙ እንደሆነ በእኛ ገንዘብ ያው አንድ ሺህ። መቶዋ የት ገባች? ጠርሙስ ውስጥ ነዋ!»

ልጅቷ ዞር አለች። «አባባ፣ ከመላክዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ደመወዙን በየትኛው ገንዘብ ነው የሚቀበለው?»

«በዚያው አገር ገንዘብ ነዋ። ሙሉው ተመንዝሮ እዚያው በእጁ ይቆጠርለታል። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።»

«አምና የእነሱ አንዱ በእኛ አሥር ነበር፤ ሺው መቶ ይሆንለታል። ዘንድሮ አሥራ ሁለት ተኩል ገብቷል። ስንት ይደርሰዋል?»

ሻለቃ በገመድ የታሰረውን የፖስታ ቤቱን እስክሪብቶ ስበው በደብዳቤው ጀርባ ላይ አሰሉ። «ሰማንያ።»

«ለምግብና ለማደሪያስ?»

«አርባ ያወጣል፤ ጽፎልኛል።»

«የቀረውን አርባ ለሚስቱ ሊልክ መልሶ ያስመነዝራል። መንዛሪው ሲሸጥ በአሥራ ሁለት ተኩል ነው፣ ሲገዛ ግን በአሥራ አንድ፤ አምና ሲገዛ በዘጠኝ ነበር።»

እስክሪብቶው ቆመ። «አራት መቶ... አርባ።»

እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። ሰውዬው ልጃቸውን ሊክዱ የተነሡት በመንዛሪ ጥፋት ነበር።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አሉ ድምፃቸው ለስልሶ።

«አምስት መቶው እዚሁ ለሚስቱ ይከፈል፤ አምስት መቶው ብቻ ይመንዘር። እሱ ያችኑ አርባ ያገኛል፣ እሷ ስልሳ ትጨምራለች።»

«አይሆንም! በእኔ ዘመን የቤተሰብ ድርሻ እየተባለ ስንቱ ተበላ! ወታደሩ ግንባር፣ ደመወዙ አለቃ ኪስ። በእጁ ይቁጠር ያልኩት ለዚህ ነው።»

«እውነትዎን ነው፤ ያኔ ደንብዎ ብዙ ቤት አድኗል። ዛሬ ግን ሚስትየው ፈርማ ትቀበላለች፣ የፈረመችበት ቅጂም ለእሱ ይላካል። ሌባውን በበር ከልክለን መንዛሪውን በመስኮት አስገባነው እኮ፣ አባባ።»

ሻለቃ በደብዳቤው ጀርባ ላይ እንደገና አሰሉ። የገዛ ደንብን በገዛ እጅ ማፍረስ ከባድ ነው፤ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን የምችለው አይመስለኝም።

«ከአምናው ገና አርባ ይጎድላል» አሉ በመጨረሻ።

«ያች አርባ የምንዛሪው መናር ናት። ወታደሩን የላከ መሥሪያ ቤት ይሙላት እንጂ!»

«ይህንንም እጽፋለሁ» አሉና ወደ ቴምብር ሻጩ መስኮት ዞሩ። «ይህች ቴምብር ትላቀቃለች?»

ያን ቀን ሁለት ደብዳቤ ጻፉ። አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ ነበር፤ በስድስተኛው ወር ደንቡ ተሻሻለ። ዛሬ የወታደር ሚስት ኪራይዋን በቀኑ ትከፍላለች፣ ወታደሩም ለቤቱ የሚልካትን ይዞ መንዛሪ ደጅ አይጠናም፤ ምንዛሪ ሲንር ልዩነቱን መሥሪያ ቤቱ ይሸፍናል። ደግ ሥራ የሠራ ደንብም ዘመኑ ሲያልፍ እንደገና መታየት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛዋን በተላቀቀችው ቴምብር ለልጃቸው ላኩ። ሳያሽጓት አሳይተውኛል፤ አንድ መስመር ብቻ ነበረች፦

«ልጄ ሆይ፣ ሳልቆጥር ጎደልክ ብዬህ ነበር፤ ዛሬ ቆጠርኩ፣ ሙሉ ነህ፤ አባትህን ይቅር በለው።»